ፖስተሩ ላይ ያለው ቤት

ከክፍለ ሀገር የመጣችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ። የአዲስ አበባ ልጆችም ብትሆኑ ቢያንስ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ አይታችሁታል። ያንን ፖስተር ማለቴ ነው። አረንጓዴ መስክ፣ ጥርት ያለ ወንዝ፣ ወንዙ ላይ ሁለት ሦስት ዳክዬ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ የድንጋይ ቤት። ጣራው ሹል ነው፤ መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ በሩ ላይ ጽጌረዳ ተንጠላጥሏል። ከታች በእንግሊዝኛ አንድ ጥቅስ ተጽፎበታል። ጥቅሱን አንብቦ ፖስተሩን የገዛ ሰው ግን ያለ አይመስለኝም።

እኛም ቤት ነበረ። ካቺሲ፣ ግንደበረት፣ ምዕራብ ሸዋ። (ካቺሲ የት ነው ለምትሉ፦ ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ትወጡና ጊንጪ ላይ ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ፤ ከዚያ መንገዱ እስኪሰለቻችሁ ትሄዳላችሁ። ከካቺሲ በኋላ ብዙም ሳትርቁ የምታገኙት የዓባይ ሸለቆ ነው።) አባዬ ነው ፖስተሩን ከገበያ ገዝቶ፣ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞት የመጣው፤ 1989 ዓ.ም. ይመስለኛል።

የቤታችን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በጋዜጣ የተለበጠ ነበር። እማዬ ዱቄት በውሃ በጥብጣ ሙጫ ትሠራና አዲስ ዘመንን ትለጥፍበታለች። ማንበብ ስለማትችል አንዳንዱን ገጽ ዘቅዝቃ ነበር የምትለጥፈው። እኔ ፊደል የለየሁት በዚያ ግድግዳ ላይ ስለሆነ እስከ ዛሬ ጽሑፍ ተዘቅዝቆ ቢቀርብልኝ ያለ ችግር አነባለሁ። (ሥራ ለመቀጠር ግን አልጠቀመኝም።) ፖስተሩ የተሰቀለው ከአባዬ መደብ ፊት ለፊት፣ ከጋዜጣው በላይ ነው። አባዬ ማታ ማታ ኩራዙ ሲበራ ያየውና «አንድ ቀን…» ይላል። ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶት አያውቅም። ሳይጨርሰውም በ1994 ዓ.ም. ሞተ።

እኔ ግን ጨረስኩለት ብዬ አስቤ ነበር። የዛሬው ወጌ የዚህ ነገር ኑዛዜ ነው።

*

የእኛ ቤት የጭቃ ቤት ነበር። በዚህ ብሎግ አንባቢዎች መካከል የጭቃ ቤት እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ ይኖራልና (አትቆጡ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተወለደ ትውልድ መጥቷል) በአጭሩ ላስረዳ። መጀመሪያ ጉድጓድ ተቆፍሮ ቋሚዎቹ ይተከላሉ። ድሮ ጥድ ነበር፤ በእኔ ጊዜ ባሕር ዛፍ ሆኗል። በቋሚዎቹ ላይ ማገር ይመታል፤ ምስማር ከሌለ በልጥ ይታሰራል። ጣራው ከቆመና ከተከደነ በኋላ ነው ጭቃው የሚመጣው።

ጭቃ ዝም ብሎ ጭቃ አይደለም። አፈሩ ይመረጣል፤ ውሃ ይጠጣል፤ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፤ በእግር ይረገጣል። ከዚያ ለቀናት ይተዋል። ይቦካል። እየተረገጠ እየተተወ ይቆይና እማዬ በጣቷ ቆንጥራ ታሸዋለች፤ ታሸታለች። ሽታው «ደርሻለሁ» ሲላት ምርጊቱ ይጀመራል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ይሰነጣጠቅ፣ ጭድ ያለው ለዚያ ነው፣ ስንጥቁ እንዳይሰፋ ይይዘዋል። ሁለተኛው ምርጊት ስንጥቁን ይሞላል። በመጨረሻ እበት የገባበት ቀጭን ልስን ይመጣል። የኛ ቤት ሲሠራ ሰፈሩ በደቦ ወጥቶ ነበር፤ ጠላው ተጠምቆ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ። እኔ አላስታውሰውም፤ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ አሉ።

ደግሞም አንዴ ተሠርቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ከመድረሱ በፊት እማዬ ቤቱን ትዞረዋለች። በጣቷ ግድግዳውን እየነካካች ትዞራለች፤ እንደ ሐኪም። ዝናብ ያጠበው የት ነው? ምስጥ የጀመረው የት ነው? ያበጠው የት ነው? ከዚያ ቦክቶ የቆየውን ጭቃ በባልዲ ይዛ ትመጣለች። በግድግዳው ሥር አባዬ የካበው የድንጋይ ካብ ነበር፤ የጣራው ክፈፍ ደግሞ ክንድ ያህል ወደ ውጭ ወጥቶ ግድግዳውን ከዝናብ ይጋርደዋል። «እግሩ እንዳይርስ፣ ራሱ እንዳይገለጥ» ትል ነበር እማዬ። ስለ እኔ የምታወራ ይመስለኝ ነበር። ስለ ቤቱ ነው።

አስቀድሜ ልናገር፦ የጭቃ ቤትን ላወድስላችሁ አልመጣሁም። ቁንጫ ነበረው። ጭስ ነበረው። አንድ ክረምት የጓዳው ግድግዳ ሌሊት ተደርምሶ ጥጃዋን ሊገድላት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ያ ሁሉ ምርጊትና ልስን ደግሞ የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የሴት ሥራ ነው። የእማዬ እጅ በየዓመቱ መስከረም ላይ ይሰነጣጠቅ ነበር። የሷን ስንጥቅ የሚይዝ ጭድ ግን አልነበረም።

*

ለትምህርት አምቦ ስገባ ከሦስት ልጆች ጋር ቤት ተከራየን። አንድ ማታ በሶ በጥብጠን እየጠጣን፣ የሁሉም ልጅ አባት ሀብት ይወራ ጀመር። አንዱ የአባቱ አይሱዙ፣ አንዱ የአጎቱ ወፍጮ ቤት። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ «የኛ ቤት የድንጋይ ቤት ነው» አልኩ።

«መነ ዸጋ?» አለኝ የጉደሩ ልጅ፣ በረዶ እንደነካው ሰው ዓይኑን አፍጥጦ።

«አዎ። ጣራው ሹል ነው። በሩ ላይ ጽጌረዳ አለ።»

ፖስተሩን ነበር የምነግራቸው። ዳክዬዎቹን ብቻ ነው ያስቀረሁት፤ እነሱን የሚያምነኝ ስለማይኖር። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ስሜ «መነ ዸጋ» ሆኖ ቀረ። በዕረፍት ጊዜ «ካቺሲ ይዘኸን ሂድ» ሲሉኝ ሁልጊዜ አንድ ሰበብ ነበረኝ። እናቴ ታማለች፣ መንገዱ ተበላሽቷል፣ ለቅሶ አለብን። በሕይወት ያለውን ዘመዴን ሁሉ ለዚያ ቤት ስል ገድያለሁ።

ጭቃ ያሳፍረኝ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው።

*

ዓመታት አለፉ። አዲስ አበባ ገባሁ፤ ተማርኩ፤ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ ሥራ ያዝኩ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሥራ አለኝ ተብዬ ሥራ በሌለኝ ሰዓት፣ የእንግሊዝ የገጠር የድንጋይ ቤቶችን ፎቶ ማየት ጀመርኩ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ገጽ ላይ ደነገጥኩ። ቤቱ! የኛ ቤት! ማለቴ የፖስተሩ። ወንዙም፣ ሹሉ ጣራም፣ መስኩም።

አርሊንግተን ሮው ይባላል። በግሎስተርሺር፣ ኮትስዎልድስ በሚባለው ኮረብታማ አገር፣ ቢበሪ የምትባል መንደር ውስጥ ነው። አንድ ቤት እንኳ አይደለም፤ የተያያዙ ትንንሽ ቤቶች ረድፍ ነው። እኔ የጌታ ቤት ይመስለኝ ነበር። የንጉሥ የአደን ማረፊያ፣ ቢያንስ የአንድ ባለርስት ቤት። ታሪኩን ሳነብ ግን፦ እ.ኤ.አ. በ1380 ገደማ ሲሠራ የገዳም የበግ ፀጉር ማከማቻ ነበር። መጋዘን! በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተከፋፍሎ የሸማኔዎች መኖሪያ ሆነ።

ሸማኔ። በኛ አገር እጅን የሚያህል ጥበብ ይዘው ስማቸው እንደ ስድብ ሲጠራ የኖሩት ሸማኔዎች። አባዬ «አንድ ቀን…» እያለ ሲመኘው የነበረው ቤት የሸማኔ ቤት ነበር።

ከዚያ በኋላ አላቆምኩም፤ ስለ ቤቱ አሠራር ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ለምን ድንጋይ? ስላማረ አይደለም። ኮትስዎልድስ ውስጥ እግራችሁ ሥር ያለው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ገበሬው እርሻውን ሲያርስ ያወጣዋል። ጠርቦ ከመካብ ሌላ ምን ያድርገው? ግድግዳው ከግማሽ ሜትር በላይ የሚወፍረው ግርማ ለመስጠት ሳይሆን ያልተስተካከለ ድንጋይ ከሁለት ወገን ተክቦ መሐሉ በኮረትና በኖራ ስለሚሞላ ነው። መስኮቱ ለምን ትንሽ ሆነ? መስታወት ውድ ነበር፤ ብርዱም ያው ብርድ ነው። ጣራው ለምን ሾለ? ጣራው ራሱ ድንጋይ ነዋ! ስስ ተደርጎ የተፈለጠ ድንጋይ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ፣ ትልልቁ ከታች ትንንሹ ከላይ። ድንጋዩ ውሃ ስለሚጠጣ ዝናቡ ሳይቆይ እንዲወርድ ጣራው ቀጥ ማለት አለበት። ያ በልጅነቴ ያማለለኝ ሹል ጣራ የውበት ጉዳይ ሳይሆን የፍሳሽ ጉዳይ ነበር።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ድንጋዩን የሚፈልጡበት ዘዴ ነው። በአንዳንድ የአካባቢው ካባዎች ድንጋዩን እርጥብ ሳለ አውጥተው ክረምቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ያሳድሩታል። በውስጡ ያለው ውሃ በውርጭ ሲረጋ ድንጋዩን በየንብርብሩ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ብቻ ነው። ይህን ሳነብ የእማዬ ጭቃ ትዝ አለኝ። እኛ ጭቃ እናቦካለን፤ እነሱ ድንጋይ ያቦካሉ።

ወደ ዴቨን ስወርድ ደግሞ ባሰ። ዴቨን በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለ አውራጃ ነው። እዚያ ያሉት የድሮ የገጠር ቤቶች ብዙዎቹ የድንጋይ እንኳ አይደሉም፤ ኮብ ይሉታል። ኮብ ምን መሰላችሁ? አፈር፣ ውሃ፣ ጭድ፤ በእግር ወይም በከብት ተረግጦ። ጭቃ ነው! የኛ ጭቃ! ልዩነቱ እነሱ ማገር ሳያስገቡ ጭቃውን ብቻ አወፍረው መከመራቸው ነው። ጣራው ሳር ነው። በንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ዘመን የታወቀው መርከበኛ ዋልተር ራሊ የተወለደው ከእንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው፤ ቤቱ ዛሬም ቆሟል። የዴቨን ሰዎች ደግሞ አንድ አባባል አላቸው፤ የጭቃ ቤት ጥሩ ባርኔጣና ጥሩ ጫማ ካለው ሌላ ነገር አይፈልግም ይላሉ። ባርኔጣው ጣራው፣ ጫማው የድንጋይ መሠረቱ።

እግሩ እንዳይርስ፣ ራሱ እንዳይገለጥ።

እማዬ ዴቨንን አታውቃትም። የዴቨን ሰዎችም ካቺሲን አያውቋትም።

*

ታሪክ ራሱ ቀልደኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 አዲስ አበባ የሚገኘው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሰዎች የሚኖሩት በሳር ክዳን የጭቃ ጎጆዎች ውስጥ ነበር። በኋላ ታላቅ ተጓዥና ደራሲ የሆነው ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ የሌጋሲዮኑ ሹም ልጅ፣ በዚያ ዓመት ከነዚያ ጎጆዎች በአንዱ ውስጥ ተወለደ። ሸምግሎ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ይህን አልደበቀም፤ ይኮራበት ነበር። አምቦ ላይ እንደኔ «የድንጋይ ቤት ነው የተወለድኩት» አላለም።

ከዚያ 26 ዓመት ቆይቶ ደግሞ የኛ ንጉሠ ነገሥት በጣሊያን ወረራ ተሰደው እንግሊዝ አገር የድንጋይ ቤት ገቡ። ባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ የሚባል ቤት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እስከ 1940 እ.ኤ.አ. ድረስ እዚያ ኖሩ፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ቤቱን ለከተማዋ አረጋውያን እንዲውል ሰጡት። የባዝ ድንጋይና የኮትስዎልድስ ድንጋይ የአንድ ቤተሰብ ድንጋዮች ናቸው። የእንግሊዙ ልጅ በኛ ጭቃ ውስጥ ተወለደ፣ የኛ ንጉሥ በእንግሊዝ ድንጋይ ውስጥ ተሰደደ። የጭቃው ቤት ለአንዱ እናት ቤት ሆነው፤ የድንጋዩ ለሌላው ስደት።

በኛ አገር የድንጋይ ቤት የለም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ላስታ ሂዱ፤ ላሊበላ አጠገብ ባለ ሁለት ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤት ታያላችሁ። ትግራይ ህድሞ አለ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለው የጌ ጋር ግድግዳም ድንጋይ ነው። እነሱ ጋ እንጨት ሲሳሳ ድንጋዩ ግን ሞልቷል። እኛ ሸዋዎች ጋ ደግሞ ደን ነበረ፤ እሱ ሲያልቅ በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ደረሰልን። ከኮትስዎልድስ እስከ ላስታ፣ ከዴቨን እስከ ካቺሲ ሕጉ አንድ ነው፦ ሰው ቤቱን የሚሠራው እግሩ ሥር ካገኘው ነገር ነው። የሚያፍርበትና የማያፍርበት ግን ሌላ ነገር ነው።

*

አሁን ወደ ኑዛዜዬ።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት በኋላ ነው። ቢሆንልኝ ቀድሜ ባነበብኩት። በ2005 ዓ.ም. ደመወዜ ትንሽ ከፍ ሲል፣ ከወንድሜ ጋር ተነጋግረን የካቺሲውን ቤት ልናፈርስና የብሎኬት ቤት ልንሠራ ወሰንን። የአባዬን ዓረፍተ ነገር ልንጨርስለት። ለእማዬ ነገርናት እንጂ አልጠየቅናትም። መንገር እና መጠየቅ አንድ ይመስለን ነበር።

የማፍረሱ ቀን ደረስኩ። አራት ወጣቶች በመዶሻና በዲጂኖ ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም። እማዬ ግቢው ጥግ ላይ፣ ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፤ በኦሮምኛ፦ «መንኒ ኩን ማል ሲ ጎዼ?» ይህ ቤት ምን አደረገህ?

ሳቅሁ። «ምንም አላደረገኝም እማዬ፣ ላንቺ ብዬ ነው» አልኳት። ግድግዳው ሲወድቅ ጋዜጦቹ በንብርብራቸው ተላቀው ወጡ፤ የሃያ ዓመት አዲስ ዘመን፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ፖስተሩም አብሮ ሄደ። አፈር ውስጥ ጫፉን አይቼው ነበር፤ ጎንበስ ብዬ አላነሳሁትም። ሄንሪ ፎርድ፣ ያ የመኪናው ቱጃር፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ቼድወርዝ ከምትባል የኮትስዎልድስ መንደር አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ገዝቶ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ አስፈትቶ፣ በመርከብ ጭኖ አሜሪካ ሚሺጋን ወስዶ ተክሎታል። እኔ አንድ ወረቀት ማንሳት ከበደኝ።

የብሎኬቱ ቤት በአራት ወር ውስጥ አለቀ። ቆንጆ ነበር። ሰማያዊ ቀለም፣ የብረት በር፣ ሊሾ ወለል። ሰፈሩ መጥቶ መረቀን። እኔም ፎቶ አንስቼ ለአምቦ ጓደኞቼ ላክሁ፤ «መነ ዸጋ» ብዬ። ከስምንት ዓመት በኋላ ውሸቴ እውነት ሆነ ብዬ ነበር።

ቤታችን የቆመበት መሬት ኮትቻ ነው። ኮትቻ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል። የጭቃው ቤት ከመሬቱ ጋር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሲሰነጠቅ እማዬ ትመርገዋለች፣ አለቀ። ብሎኬቱ ግን መንቀሳቀስ አያውቅም። በሁለተኛው ዓመት ከመስኮቱ ሥር ቀጭን ስንጥቅ ተጀመረ። በአራተኛው ዓመት ጣት ያስገባ ነበር። ግንበኛው መሠረቱን በደንብ ሳያወርድ እንደሠራው ያኔ ነው የገባን። ገንዘብ ላክሁ፤ በሲሚንቶ ተደፈነ፤ በቀጣዩ ክረምት ከጎኑ ሌላ ተከፈተ።

ስልክ ደውዬ «ስንጥቁ እንዴት ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«አለ» አለችኝ። ትንሽ ዝም አለችና፣ «ጭቃ ቢሆን እኔው እመርገው ነበር» አለች።

ይህቺ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። የሠራሁላት መስሎኝ ሥልጣኗን ነው የወሰድኩባት። በዚያ ቤት ላይ ሐኪሙ እሷ ነበረች። አሁን ቤቱ ሲታመም እኔ ጋ ይደወላል፤ እኔ ብር እልካለሁ፤ ብሩ ሲሚንቶ ይገዛል፤ ሲሚንቶ የሚገዛበት ቀን ግንበኛው የለም። ወለሉም ይቀዘቅዛል አለች። ቀስ በቀስ አልጋዋን ወደ ማድ ቤት አዞረች። ማድ ቤቱን አላፈረስነውም ነበር፤ የጭቃ ነው። የብሎኬቱ ቤት የእህልና የእንግዳ ቤት ሆነ።

*

ስለ ሲሚንቶ ላስታውሳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ማምረት የጀመረው፣ እዚያው ምዕራብ ሸዋ አዳ በርጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው የዳንጎቴ ፋብሪካም እዚያው ነው። ለምን እዚያ? የኖራ ድንጋይ ስላለ። ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ ጁራሲክ በሚባለው ዘመን፣ ዛሬ ዓባይና ሙገር የቦረቦሩት አካባቢ ባሕር ነበር፤ ያ ድንጋይ የባሕሩ ደለል ነው። የኮትስዎልድስ ድንጋይስ? እሱም የጁራሲክ ባሕር ደለል ነው። የፖስተሩ ቤት ድንጋይና የሸለቋችን ድንጋይ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው።

እነሱ ጠረቡት፤ እኛ ከሸክላ አፈር ጋር 1,450 ዲግሪ ላይ አቃጥለን፣ ፈጭተን፣ በከረጢት ሞልተን ብሎኬት አደረግነው። በዚህ አልከስም፤ ግድብም ድልድይም ሆስፒታልም በሱ ተሠርቷል። የኔ ስህተት ብሎኬቱ አይደለም። ስህተቴ ቤት ማለት የተሠራበት ነገር ነው ብዬ ማመኔ ነው።

እንግሊዞቹም ይህን ለማወቅ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ዊልያም ሞሪስ የሚባል ገጣሚና ባለጥበብ እ.ኤ.አ. በ1877 የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ሲመሠርት ክርክሩ ይኸው ነበር፦ አሮጌ ቤት አንዴ ተነስተው «አዲስ» የሚያደርጉት ነገር አይደለም፤ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት የሚጠግኑት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙዎቹ የጭቃና የድንጋይ ቤቶቻቸውን በሲሚንቶ ለስነው እርጥበቱን ግድግዳው ውስጥ ዘግተውበት ቤቶቹን አበላሽተዋል፤ ዛሬ ሲሚንቶውን እየፋቁ ወደ ኖራ እየተመለሱ ነው። ኢንግላንድ ውስጥ ወደ 400 ሺህ የሚጠጋ የቅርስ መዝገብ አለ። ባለቤቱ ቢሆንም ሰው ያለ ፈቃድ ቤቱን አያፈርስም። አርሊንግተን ሮው በመዝገቡ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ነው፤ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። ከ600 ዓመት በላይ የቆመው ድንጋይ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንድም ትውልድ ሙሉ ለሙሉ እጁን ስላላነሳበት ነው። ድንጋይ ብቻውን ቢሆንማ ኖሮ የፈረሱት ግንቦቻችን ዛሬም ይቆሙ ነበር።

እኛም የቅርስ አዋጅ አለን፤ ቁጥር 209/1992። ግን የካቺሲን የጭቃ ቤት ቅርስ ይባልልኝ ብዬ የምሟገት ሰው አይደለሁም። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ለእናታችሁ ቤት ልትሠሩ የተነሳችሁ ሁሉ (ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ እዚህ ብሎግ ላይ የምንሰባሰበው አብዛኞቻችን የአንድ እናት ቤት ዕዳ አለብን) ከማፍረሳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። «ስንት ክፍል ይሁን?» አይደለም። «ሲሰነጠቅ ማን ይጠግነዋል?»

*

ባለፈው መስከረም ካቺሲ ሄድኩ። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ሲከፈት፣ እኔም ሰበብ ሳበዛ (ሰበብ ድሮም አላጣም) ከሄድኩ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። እማዬ በጣም አጥራለች። ወይም እኔ ረዝሜ አላውቅም።

ጠዋት ተነስቼ ማድ ቤቱን ዞርኩት፤ እሷ ታደርግ እንደነበረው በጣቴ እየነካካሁ። ከታች ልስኑ የዘንድሮ ነው፤ ለስላሳ፣ ቀይ፣ የጣቶቿ መስመር ቅስት ቅስት እየሠራ ይታያል። ትከሻዬ ጋ ሳይደርስ ግን ይቆማል። እንደ መስመር የተሰመረ ያህል ነው። ከዚያ በላይ ያለው ግድግዳ ግራጫ ነው፤ ጭዱ ወጥቷል፤ አንድ ቦታ ላይ ማገሩ ይታያል።

መጀመሪያ አልገባኝም። ጭቃው አልቆባት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ገባኝ። እጇ የሚደርሰው እስከዚያ ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው እኔ ያልሄድኩባቸው ዓመታት ናቸው።

ምንም አላልኳትም። ሱሪዬን ሰብስቤ ጭቃው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ጭዱ እግር ይወጋል፤ ሽታውን ረስቼው ነበር። የጎረቤት ልጆች «የአዲስ አበባው ሰውዬ ጭቃ ገባ» ብለው አጥር ላይ ተሰቀሉ። እማዬ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣ ታዘኝ ጀመር። ወፈረብህ። ቀጠነብህ። እንደሱ አይደለም፣ ከታች ወደ ላይ ሳበው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ በሷ ዕድሜ እሷ በግማሽ ቀን የምትጨርሰው።

የሠራሁት አያምርም። ከሷ መስመር በላይ እንደ እብጠት ጎላ ጎላ ብሎ ይታያል። ጨርሼ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ ሳየው፣ «እንዴት ነው?» አልኳት።

ግድግዳውን አየችው። እኔን አየችኝ። «ይሰነጠቃል» አለች። «ሲሰነጠቅ ትመጣለህ።»